ጀልባ፣ ሸራ፣ ዲመሬጅ፦ የባሕር ቃላቶቻችን ከየት መጡ?



ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደ ሀዋሳ ወርደን ነበር። በማግስቱ ሱብሒ ሰግደን ወደ ሐይቁ ዳርቻ፣ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ መሸጫ አመራን። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት ያደረውን መረብ ሰብስበው የሚመለሱበት ሰዓት ነበር። ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ እየተራገፈ ይመተራል፣ አባ ኮዳዎቹም ከሰው እግር ሥር ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ።

አብረውን አንድ አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው በአሰብ ወደብ በጫኝና አውራጅነት ሠርተዋል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ መሀል አገር መጡ፤ ዛሬ ሀዋሳ ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ዕቃ ከውጭ ያስመጣል። እኛ ከጀልባዎቹ አጠገብ ቆመን ሳለን ስልክ ተደውሎለት ሲነጋገር ሰማነው፤ ኮንቴነሩ ወደብ ላይ ቆሞ ዲመሬጅ እየቆጠረ ነው። አዛውንቱ ልጃቸውን አይተው ወደ እኛ ዞሩና «እኛ የምናውቀው የባሕር ቃል ገመድ፣ ሸራ፣ ሳንቡቅ ነበር፤ እነዚህ ልጆች የሚያውቁት የባሕር ቃል ሁሉ ግን ዕዳ ነው» አሉን።

ይህ ንግግር ከሀዋሳ እስክንመለስ ድረስ ከአእምሮአችን አልጠፋም። እውነትም በአፋችን ያሉት የባሕር ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ወገን ባሕሩ ላይ በነበርንበት ዘመን የገባ ነው፤ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ጨርቁና ስለ ንፋሱ ይናገራል። ሌላው ዕቃችንን ሌላ ሰው በሚያመላልስልን ዘመን የመጣ ነው፤ ስለ ክፍያና ስለ ወረቀት ይናገራል። በዛሬው ዝግጅታችን ሁለቱንም በተቻለን መጠን እንፈትሻቸዋለን፣ ኢንሻ አላህ።

እዚያው ከፊታችን ከነበረው እንጀምር። «ጀልባ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። «ጀልባ» ሲበዛ «ጂላብ» ይባላል፤ በቀይ ባሕር ላይ ሐጃጆችንና ዕቃን የሚያሻግር ጀልባ መጠሪያ ነበር። ይህን ጀልባ በዝርዝር ገልጸው ከጻፉልን ሰዎች አንዱ የአንደሉሱ ተጓዥ ኢብን ጁበይር ነው። በ579 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ በ1183፣ ለሐጅ ሲጓዝ ከአፍሪካ ዳርቻ ዐይዛብ ከምትባለው ወደብ ተነስቶ ወደ ጂዳ በጂላብ ተሻግሯል። እንደ እርሱ ገለጻ በእነዚህ ጀልባዎች ላይ አንድም ሚስማር አልነበረም። ሳንቃዎቹ የሚያያዙት እንደ ልብስ እየተሰፉ ነው፤ የሚሰፉበትም ገመድ ከኮኮናት ፍሬ ልባስ ተቀጥቅጦ የሚፈተል ነው። እንጨቱ ከሕንድና ከየመን ይመጣል። ጀልባው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት ወይም የሻርክ ዘይት ይቀባል፤ ከሁሉም የሚመረጠው የሻርኩ ነው። ሸራው ደግሞ ጨርቅ ሳይሆን ከዘምባባ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ነበር።

ለምን ሚስማር አልተጠቀሙም? ኢብን ጁበይር መልሱን ያስቀምጣል። ቀይ ባሕር በዛጎል ድንጋይ የተሞላ ነው። በሚስማር የተመታ ግትር ጀልባ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም ይሰነጠቃል፤ የተሰፋውና ዘይት የጠጣው ግን ስለሚለመጥ ያልፋል። ከእርሱ 600 ዓመት በፊት የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስም የዚህን ባሕር ጀልባዎች አንስቶ በገመድ የታሰሩ እንጂ በብረት የተመቱ እንዳልሆኑ ጽፏል። በእርሱ ዘመን አንድ ተረት ይወራ ነበር፤ ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ማግኔት ድንጋይ ስላለ ነው ይባላል። ፕሮኮፒየስ ይህን ውድቅ አድርጎታል። ምክንያቱም የሮማውያን መርከቦች ብረት ይዘው በዚያው ባሕር በሰላም ይመላለሱ ነበር። የሚገርመው ተረቱ ከእርሱ በኋላም ብዙ መቶ ዓመታት መኖሩ ነው።

ኢብን ጁበይር ጀልባውን ቢያደንቅም ባለ ጀልባዎቹን ግን አልማራቸውም። ሐጃጆቹን በቅርጫት እንደታጎረ ዶሮ አንዱን በአንዱ ላይ ይጭኗቸው እንደነበር፣ የአንድ ጉዞ ገቢ የጀልባውን ዋጋ እንዲመልስላቸው ስለሚፈልጉ ለሰው ሕይወት ግድ እንዳልነበራቸው በምሬት ጽፏል። ዛሬ በዚያው ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ የመን በሚሻገሩ ጀልባዎች ላይ ስለሚያልቁት ወጣቶቻችን ስንሰማ ይህ የ840 ዓመት ስሞታ አዲስ ይሆንብናል።

ወደ «መርከብ» እንለፍ። በግዕዝ የመርከብ ስም «ሐመር» ነው። «መርከብ» ግን «ረኪበ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «ተሳፈረ፣ ጋለበ» ማለት ነው። በእኛም ዘንድ «ረከበ» የሚል ቃል አለ አይደል? አዎን አለ፤ ነገር ግን በግዕዝ «አገኘ»፣ በአማርኛ «ተቀበለ» ማለት ነው፤ ርክክብም ከዚሁ የወጣ ነው። የመሳፈር ትርጉም በዐረብኛው በኩል ስለሆነ ቃሉ ከዚያ እንደተሻገረ እንረዳለን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቃላት የተሻገሩት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ከእስልምና በፊት በነበሩት ታላላቅ የዐረብ ገጣሚዎች በጠረፋ ሙዐለቃ ውስጥ «ዐደውሊያ» የሚባሉ መርከቦች ተጠቅሰዋል። አንዳንድ የጥንት ተንታኞች ስሙን በባሕሬን በኩል ካለች ስፍራ ጋር ቢያያይዙትም፣ በርካታ የዘመናችን ተመራማሪዎች ከአክሱም ወደብ ከአዱሊስ ጋር ያገናኙታል። እኛም ይህ ያሳምነናል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት ንጉሥ ካሌብ ሠራዊቱን ወደ የመን ያሻገረው በመርከብ ነበርና፣ በአዱሊስ ስም የሚጠራ መርከብ ለዐረብ ጆሮ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ለእኛ ለሙስሊሞች የሁለቱ ዳርቻዎች የመርከብ ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው በመጀመሪያው ሒጅራ ነው። በነቢይነት 5ኛው ዓመት ረጀብ ወር፣ እ.ኤ.አ በ615 አካባቢ፣ ሶሐባዎች ከመካ ተደብቀው ወጡ። የሲራ ጸሐፊዎች 11 ወንዶችና 4 ሴቶች እንደነበሩ ይዘግባሉ፤ ከእነርሱም መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ ይገኙ ነበር። የሄዱት ወደ ጂዳ አልነበረም፤ የዚያን ጊዜ የመካ ወደብ ሹዐይባ ነበረች። እዚያ ሲደርሱ ሁለት የነጋዴ መርከቦች ሊነሱ ሲሉ አገኙ፤ በግማሽ ዲናርም ተሳፈሩ። ቁረይሾች ተከታትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደው ነበር።

ብዙውን ጊዜ ይህን ታሪክ ስንተርክ ወደ ነጃሺ ቤተ መንግሥት በፍጥነት እንገባለን። በወደቡ ላይ ግን ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሁለት የነጋዴ መርከቦች በዚያ ሰዓት እዚያ መገኘታቸውና የታወቀ ዋጋ መኖሩ፣ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል የነበረው ምልልስ የዕለት ተዕለት ሥራ እንደነበር ያመለክታል። ዑስማን (ረ.ዐ.) ደግሞ ከዓመታት በኋላ ኸሊፋ ሆነው፣ በ26ኛው ዓመተ ሒጅራ የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጂዳ አዛወሩት። ወደቡን እንደ ተሳፋሪ የሚያውቁት ሰው ናቸው።

ሐበሻ የቀሩት ሶሐባዎች በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ከጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ጋር፣ ነጃሺ ባዘጋጁላቸው ሁለት መርከቦች ተመለሱ። ከዚያ በኋላ መዲና ውስጥ የሚጠሩት በመርከባቸው ነበር፤ «አስሓቡ ሰፊና»፣ የመርከቢቱ ሰዎች ተባሉ። «ሰፊና» ሌላው የመርከብ ስም ነው። ከእነርሱ አንዷ የሆነችውን አስማእ ቢንት ዑመይስን ዑመር (ረ.ዐ.) ሲጠሯት ሐበሻይቱ፣ የባሕሯ ሴት ማለታቸው በቡኻሪ ዘገባ ተመዝግቧል።

«ሸራ» የሚለውን ቃል ግን በፍጥነት እንለፈው፤ ቢሆንም ደስ የሚል ነው። በዐረብኛ «ሺራዕ» ማለት ንፋስ የሚይዘው የመርከብ ጨርቅ ነው። እኛ ዘንድ በጭነት መኪና ላይ ወጥቷል፣ በሰርግ ድንኳን ላይ ተወጥሯል፣ ተማሪውም በእግሩ አድርጎት «ሸራ ጫማ» ይለዋል። ሁሉም ግን የባሕር ቃል ከባሕር ማዶ መጣ እንዳይመስላችሁ። «መልህቅ» የግዕዝ ነው፤ «ባሕር» ራሱ ግዕዝና ዐረብኛ ከአንድ ግንድ የወረሱት ነው። «ሐይቅ»ም በግዕዝ ከውኃው ይልቅ ዳርቻው ነበር። እንግዲህ ሀዋሳ ላይ ማምሻውን «ፍቅር ሐይቅ» የሚሄድ ሰው በጥንቱ ትርጉም ቢሆን ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ከጀልባው ወርደን ወደ ወደቡ ግቢ ስንገባ ቃላቱ ይለወጣሉ። «ጉምሩክ» መነሻው ላቲንና ግሪክ ሲሆን ንግድን የሚመለከት ቃል ነበር፤ በቱርክ አፍ ተለውጦ በዐረብኛም ገባ። ቱርኮች ምጽዋን እ.ኤ.አ በ1557 ይዘው ለረጅም ዘመን ወደቡን እንደተቆጣጠሩ ለምታስታውሱ ቃሉ በዚያ በር ማለፉ አያስገርማችሁም። «መጋዘን» የዐረብኛው «መኽዘን» ነው፤ ሲበዛ «መኻዚን»። ጣሊያኖች «ማጋዚኖ» አሉት፤ እንግሊዞች ደግሞ «ማጋዚን» ብለው መጀመሪያ ለዕቃ ቤት፣ በኋላም የዕውቀት ማከማቻ ነው በማለት ለመጽሔት ሰጡት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ የምታነቡ ሁሉ መጋዘን ይዛችኋል።

«ታሪፍ»ስ? ሀዋሳ ላይ ባጃጅ ስትሳፈሩ «ከታሪፍ በላይ አልከፍልም» ብላችሁ ትከራከራላችሁ። ይህ ቃል «ዐረፈ» ከሚለው የዐረብኛ ሥር የወጣ ነው፤ «ተዕሪፋ» ማለት ማሳወቂያ ማለት ነው። በሜዲትራኒያን ወደቦች ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚከፈለውን የሚያሳውቅ ዝርዝር ነበር። ጣሊያኖች ወሰዱት፣ መላው አውሮፓ ተቀባበለው፣ ወደ እኛ የተመለሰው ደግሞ የፈረንጅ ልብስ ለብሶ ነው። «አድሚራል» የሚለው የባሕር ኃይል ማዕረግም «አሚር» ከሚለው የወጣ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ በ1955 የባሕር ኃይል ስታቋቁም ይህንኑ ማዕረግ ከአውሮፓውያን ተውሳለች።

አንድ ሌላ ቃል እንጨምር። «ሙዐሊም» ስንል እኛ የምናስበው የመድረሳውን አስተማሪ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች ዘንድ ግን ሙዐሊም ማለት በከዋክብትና በንፋስ መንገድ የሚመራው ሰው ነበር። ከእነዚህ ሙዐሊሞች የታወቀው አሕመድ ኢብን ማጂድ ነው፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ስለ ባሕር ጉዞ ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል። እርሱን በተመለከተ ቫስኮ ዳ ጋማን እ.ኤ.አ በ1498 ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሕንድ መርቶ ያሻገረው እርሱ ነው የሚለውን ወሬ ብዙዎቻችን በኩራት እንደግመዋለን። ታሪኩን የመረመሩ ምሁራን ግን ይህን አይቀበሉትም፤ መሪው የጉጅራት ሰው እንደነበር ያስረዳሉ። የኢብን ማጂድ ክብር በመጽሐፉ ስለሚበቃው ይህን ብንተው አይጎዳውም።

አሁን ወደ አዛውንቱ እንመለስ። አሰብ ትልቅ ወደብ የመሆን ዕጣዋ የጀመረው በአንድ የመርከብ ኩባንያ ነው። የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 እ.ኤ.አ ሳፔቶ የተባለ ጣሊያናዊ ለሩባቲኖ ኩባንያ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች መሬት ገዛ፤ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። ከመቶ ዓመት በኋላ አሰብ የኢትዮጵያ ዋነኛ በር ነበረች። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት እ.ኤ.አ በ1964 ተቋቁሞ በ1966 መርከቦቹን ሥራ አስጀመረ። አዛውንቱ ሲነግሩን ያኔ ወደቡ ላይ ከጫኝ እስከ ቆጣሪ፣ ዊንች ከሚያንቀሳቅሰው እስከ ጀልባ ቀዛፊው ድረስ አማርኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሰማ ነበር። «የገመዱ ቋጠሮ እንኳ እያንዳንዱ ስም ነበረው፤ ረሳሁት። የምጠይቀውም ሰው የለም» አሉን። ይህን ሲሉ እጃቸው በአየር ላይ ቋጠሮውን ይሠራ ነበር።

ኤርትራ እ.ኤ.አ በ1993 ነፃ አገር ሆነች፤ በ1998 ጦርነት ሲነሳ ኢትዮጵያ አሰብን መጠቀም አቆመች፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መርከቦቹ ግን አልጠፉም። መንግሥት ከቻይና ካሠራቸውና ከ2012 ጀምሮ ከተረከባቸው ዘጠኝ መርከቦች መካከል አንዱ «ሀዋሳ» ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ነዳጅ ጫኝ ነበር። ሐይቁ ላይ ያሉት አጥማጆች ስንነግራቸው ሳቁ፤ አንዱም አልሰማም። በእነዚህ መርከቦች ጀርባ ላይ የሚጻፈው የመመዝገቢያ ወደብ ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ወደብ!

እንግዲህ ሁለተኛው ዓይነት ቃል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአዛውንቱ ልጅ ከሚፈርምባቸው ወረቀቶች ጥቂቶቹን እንመልከት፤ አስመጪ የሆናችሁ አድማጮቻችን በደንብ ብታዳምጡን ይጠቅማችኋል።

«ቢል ኦፍ ሌዲንግ» መርከቡ ዕቃውን ለመረከቡ የሚሰጠው ሰነድ ነው። ደረሰኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የማጓጓዣ ውልም ነው፣ ብዙውን ጊዜም የዕቃው ባለቤትነት የሚተላለፍበት ነው። ዋናው ቅጂ የጠፋበት ሰው ዕቃው ዓይኑ ሥር ሆኖ አይረከብም። «ፎብ» ሲባል የሻጩ ኃላፊነት ዕቃው መነሻ ወደብ ላይ መርከቡ ላይ ሲጫን ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ኪራዩም አደጋውም የገዢው ነው። «ሲ አይ ኤፍ» ሲባል ሻጩ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ይከፍላል። ይሁንና ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ በባሕር ላይ ዕቃው ቢጎዳ በሲ አይ ኤፍም ቢሆን አደጋው የገዢው ነው፤ ሻጩ የከፈለለት ኢንሹራንስ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። «መልቲሞዳል» ማለት አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ከባሕር ማዶ እስከ ደረቅ ወደብ፣ ለምሳሌ እስከ ሞጆ፣ ሲያደርስ ነው። በ«ዩኒሞዳል» ግን የባሕሩ አጓጓዥ ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአስመጪው ጣጣ ነው።

«ዲመሬጅ» መቆየት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የወጣ ሲሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ መርከብ ከተስማሙበት ቀን በላይ ሲያዝ ለባለ መርከቡ የሚከፈል ካሳ ነበር። አሁን በብዛት የሚነሳው ከኮንቴነር ጋር ነው። ነፃ የተባሉት ቀናት ካለፉ በኋላ በየቀኑ ይቆጥራል፤ ቀኑ ሲገፋም የቀን ሒሳቡ ይጨምራል። የአዛውንቱ ልጅ ሲነግረን ነፃ ቀናቱ የሚቆጠሩት ሰነዱ እጁ ከገባበት ቀን መስሎት ነበር፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ግን ዕቃው ወደብ ላይ ከወረደበት ቀን ጀምሮ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት የዚያ ጭነት ትርፉ አለቀ። ኮንቴነሩ ከወደብ ከወጣ በኋላ ባዶውን ሳይመልሱ ማቆየት ደግሞ ሌላ ክፍያ አለው፤ «ዲቴንሽን» ይባላል። ሁለቱን አታምታቱ።

ከእነዚህ የወረቀት ቃላት መካከል ግን አንዱ የድሮ ዘመዳችን ሆኖ አግኝተነዋል። «አቬሬጅ» የሚለውን ቃል ተማሪዎች በአማካይ ውጤት ያውቁታል። በባሕር ሕግ ትርጉሙ ሌላ ነው። መርከብ ማዕበል መትቶት ጭነት ወደ ባሕር ቢጣል፣ በዚያ የተጣለው ዕቃ ሌላውን አድኗልና ኪሳራው ለባለቤቱ ብቻ አይተውም፤ መርከቡና የተረፈው ዕቃ ሁሉ በየዋጋው ይካፈሉታል። ይህ «ጄኔራል አቬሬጅ» ይባላል። የቃሉ መነሻ «ዐዋር» የሚለው የዐረብኛ ቃል መሆኑን አብዛኞቹ የቃላት ታሪክ አዋቂዎች ይናገራሉ፤ የዕቃ ጉድለት ወይም ጉዳት ማለት ነው። የጣሊያን ወደቦች «አቫሪያ» አሉት። ጉዳትን መካፈል ቀስ በቀስ ማካፈልን፣ ማካፈልም አማካይን ወለደ።

ሕጉ ራሱ ጥንታዊ ነው፤ ሮማውያንም ያውቁት ነበር። የማሊኪ መዝሀብ ዐሊሞችም በስፋት መርምረውታል። ገና በ4ኛው ምዕተ ዓመተ ሒጅራ መጀመሪያ ላይ በመርከብ ኪራይና በባለቤቶቹ መካከል በሚነሳ ክርክር ላይ ብቻ የተጻፈ የፊቅህ ኪታብ ነበር። የተጣለው ዕቃ በስንት ዋጋ ይገመታል? መርከቡ ራሱ ይካፈላል ወይስ ጭነቱ ብቻ? እነዚህ ሁሉ አከራክረዋል። ይህ የድሮ ነገር ነው እንዳትሉ፤ እ.ኤ.አ በማርች 2021 «ኤቨር ጊቭን» የተባለችው ግዙፍ መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀናት ዘግታ ስትለቀቅ፣ ባለቤቶቿ ጄኔራል አቬሬጅ አወጁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኮንቴነሮች ባለቤቶች ምንም ባላጠፉበት አደጋ መዋጮ ዋስትና ካላስያዙ ዕቃቸውን እንደማይረከቡ ያወቁት ያኔ ነው። ኢንሹራንስ የነበረው ወረቀቱን ለኢንሹራንሱ አስተላለፈ፤ ያልነበረው ከኪሱ አስያዘ።

የአዛውንቱን ልጅ ስለዚህ ቃል ስንጠይቀው ሰምቶት አያውቅም ነበር። አባቱ ግን «የተጣለ ዕቃ የሁሉም ነው» የሚል አነጋገር አሰብ ላይ ከየመን ከመጡ የሳንቡቅ ሰዎች ይሰሙ እንደነበር አስታወሱ። ምን ማለት እንደሆነ ግን የገባቸው ያን ቀን፣ እዚያው ጀልባዎቹ አጠገብ ነው።

በአሰብና በምጽዋ ወደቦች የሠራችሁ፣ በመርከቦች ላይም ያገለገላችሁ አባቶችና ወንድሞች፤ ያኔ የምትጠቀሙባቸውን የገመድ፣ የንፋስ፣ የጭነትና የጀልባ ክፍሎች ስሞች ብትጽፉልን ወይም ለልጆቻችሁ ነግራችሁ ብታስጽፉልን በዚሁ ዓምድ እናትማቸዋለን። አዛውንቱ በእጃቸው ሠርተው ያሳዩንን ቋጠሮ የሚያውቅ ካለም ስሙን ይላክልን፤ አንዱን ጫፍ በጣት ይዞ ሌላውን ሁለት ጊዜ አዙሮ በታች የሚያሾልከው ነው።